ማድረቂያው ራስ ላይ ያደሩት ናሙናዎች

ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራበት ወርክሾፕ ሥራዋ መስበር ነው፤ ስሟም ሰባሪዋ ሆኖ ቀርቷል። ሁለት ዓይነት ሙጫ ተደባልቆ እግር ሲፈስ፣ ከዚያው ባልዲ ጣት ጣት የሚያህሉ ናሙናዎች ይቀዱላታል። ሲደርቁ በማሽን ትሰብራቸዋለች፤ በቂ ጫና ከቻሉ ፈርማ እግሩን ታሳልፋለች።

ታዲያ እሷ ያሳለፈችው የአንድ ፖስተኛ እግር በሁለት ሳምንቱ ተሰንጥቆ ተመለሰ። ናሙናው እኮ እንደ ብረት ጠንካራ ነበር! ጥርጣሬዋ ቀጥ ብሎ ሄዶ የባሏ ወንድም ላይ፣ ሙጫ ቀማሚው ላይ አረፈ። ለእግሩ ርካሹን ሙጫ እያበዛ፣ ለናሙናው ደህናውን ይቀዳ ይሆን? በማግስቱ ጠዋት ደግሞ አዲስ እግር የሚሞክረው የገዛ አባቷ ነው።

የአባቷ እግር ሲፈስ ከቀማሚው ጀርባ ንቅንቅ አላለችም።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ዛሬ ገና አየሽኝ?» አላት።

«ሥራህን ሥራ!»

ዓይኗ እያየ ከአንድ ባልዲ ስድስት ናሙና ቀዳላት። ልቧ ግን አላመነውም። ሰው በሌለበት ይለውጥብኛል ብላ አንዷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ መስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ከአባቷ እግር ጎን ደበቀቻት። አምስቱን እንደወትሮው አስቀመጠች።

በማግስቱ አምስቱ ማሽኑን አስለፉት። የተደበቀችው ግን በግማሹ ጫና ቀጭ አለች። ያዝኩህ! ስባሪውን ጨብጣ ወደ ቀማሚው በረረች።

«አምስቱን ለውጠሃል! በአባቴ እግር ትቀልዳለህ?»

«አምስቱ የት አደሩ?» አላት ረጋ ብሎ። እርጋታው ይብስ አናደዳት።

«ሁሌ የማስቀምጥበት ነዋ! አቧራ እንዳይነካቸው፣ ማድረቂያው ራስ ላይ።»

ማድረቂያው የጀሶ ቅርጾች የሚደርቁበት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ የሚያድር ምድጃ ነው።

«እስቲ ንኪው።»

ነካችው። ይፋጃል።

«ሙጫው አንድ ነው። ሙቀት ያገኘው ይጠነክራል» አለ ቀማሚው። «እግሩ ግን ብርድ ላይ ነው ያደረው።»

ክው አለች። ስንቱን እግር ነው እንዲህ ያሳለፈችው?

አባቷ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም፤ ፊርማ ሳይጠብቅ እግሩን አጥልቆታል። ከጎን ክፍል ተጣራ፦ «ልጄ፣ ነይ እዪኝ! ያለ ከዘራ ቆምኩ!»

«አባዬ፣ እንዳትራመድ! ቁጭ በል!»

«አንቺ ባለሽበት ቤት ምን ያስፈራኛል!»

ቀማሚው ቀድሟት ሮጠ። አዲሱ እግር ቋ ብሎ ሲሰበር ሽማግሌውን ከብብቱ ደግፎ ያዘው።

«ተባረክ፣ የኔ ልጅ» አለው አባቷ። «ማነው ይሄን ጉድ የሠራኝ?»

ቀማሚው ቀና ብሎ ሰባሪዋን አያት።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች።