የኅዳር ማለዳ መርዶ

የባዘዘው መሞት መተማ ዮሐንስ ከተሰማ አራት ቀን ሆኖታል። ያልሰሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሚስቱ አየሁሽና የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጁ ለተሥላሴ። የአገሩ ደንብ ይኸው ነው። ሞት ለባለቤቱ መጨረሻ ይነገራል። ዘመድ ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሲቀድ ደጁ ድረስ ተኪዶ ነው መርዶ የሚረዳው። እስከዚያ ጎረቤት ሁሉ የማያውቅ መስሎ ይሰነብታል። ደመኛ እንኳ መርዶን መንገድ ላይ አይወረውርም።

ባዘዘው ትራክተር ነጂ ነበር። የሚያርሰው የሰሊጥ እርሻ ተወርሶ ጌታው ሱዳን ሲሻገር አብሮ ተሻገረ፤ ደርግን ከሚወጋው ኢዲዩ ጋር ጠመንጃ አነሳ ተባለ። ያንሳ አያንሳ እንጃ። የትራክተር መሪ እንጂ ጠመንጃ ጨብጦ ያየው ሰው አልነበረም። በ1969 ኢዲዩ ከከተማዋ ሲባረር ግን ቀበሌው ስሙን ከፀረ ሕዝቦች ጋር መዘገበው። ለፀረ ሕዝብ ማልቀስ ክልክል ነው። የሞቱን ወሬ ያመጣችው ሐሚዳ ናት፤ ወደ ሱዳኗ ጋላባት እየተሻገረች ሻይና ጨርቅ የምትነግድ፣ ከአየሁሽ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት። መቃብሩን በዓይኗ አይታ ተመለሰች።

ለተሥላሴ እስካለፈው ክረምት ድረስ ሥራዋ መላላክና ገበጣ መጫወት ነበር። በክረምቱ የወጣቶች ማኅበር አደራጅ ተብሎ ጓድ ፀሐዩ ከጎንደር መጣ። ዕድሜው ሃያ ሁለት ቢሆን ነው። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይሉ የነበሩ ሽማግሌዎች ለእሱ ከመቀመጫቸው መነሳት ተማሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናቱን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ሰብስቦ ያዘምራል፣ ያሰልፋል፣ ስኳር የበዛበት ከርከዴ ያጠጣል። እያንዳንዳቸውን "ጓድ" ብሎ ይጠራቸዋል። ከዚያ በፊት "አንቺ ቅማላም" እንጂ ሌላ ስም ያልሰማች ልጅ ጓድ ስትባል ቁመቷ ይጨምራል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ልጆቹ ከልባቸው ይወዱት ነበር።

"አብዮቱ በየቤቱ ገብቶ ማደር አይችልም። እናንተ ግን እዚያው ነው የምትተኙት" ይላቸዋል። "ሁለት ሰው ሲያወራ ወሬ ነው። አምስት ሰው ካንሾካሾከና እናንተን ሲያይ ዝም ካለ ሴራ ነው።"

አንድ ቅዳሜ ለተሥላሴን ለብቻዋ አስቀራት። "ሥላሴን ምን አሸከመሽ? ለተ ይበቃሻል" ብሎ በመዝገቡ ላይ ስሟን አሳጠረው። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባትሽ ተሳስቶ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። የነቃ ልጅ ያለው ሰው ምሕረት አያጣም። አንድ ቁም ነገር ሥሪና እኔ ራሴ እጽፍለታለሁ" አላት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ልጅቷ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። አባቷን ወደ ቤቱ የምትመልሰው እሷ ናት። ሴራ ብቻ ታግኝ።

እነሆም ሴራው በደጇ መጣላት። ከማክሰኞ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው እሷን ሲያይ ወሬውን ያቋርጣል። ሐሚዳ ከዱካኗ ከረሜላ ሰጥታት ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች። የአባቷ አጎት አባ ሸዋዓለም፣ ባገኟት ቁጥር የሚቆጧት ሽማግሌ፣ ከገንዳ ውሃ ከተማ ድረስ መጥተው ራሷን ዳበሷት። ልጅቷ ሞኝ አልነበረችም። ያየችው ሁሉ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ያስተማሯት ፍች ነው። ዓርብ ማታ ከሐሚዳ ቤት ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ስንጥቅ የሽማግሌውን ድምፅ ሰማች።

"ነገ ጎህ ሳይቀድ እዚህ እንገናኝ። አየሁሽ እንዳትሰማ። ልጅቱን አስቀድመን ለብቻ እናድርጋት።"

ቅዳሜ ዶሮ ሲጮህ ለተሥላሴ የቀበሌውን በር እያንኳኳች ነበር።

አብዮት ጠባቂዎቹ ሐሚዳ ቤት አምስት ሰው ያዙ፤ አባ ሸዋዓለምን፣ ሐሚዳን፣ ሁለት የጎረቤት ሴቶችንና አንድ የባዘዘውን የሥራ ባልደረባ። ጽሕፈት ቤቱ ወለል ላይ አስቀመጧቸው።

"ጓድ ለተ፣ ያየሽውን ተናገሪ" አለ ፀሐዩ።

ልጅቷ እንደተማረችው እጇን ግራና ቀኝ አድርጋ ቆመች። "ከማክሰኞ ጀምሮ ይንሾካሾካሉ። እኔ ስመጣ ዝም ይላሉ። አባ ሸዋዓለም ሳይታመሙ እህል እምቢ ብለው ነው የሰነበቱት። ዛሬ ደግሞ ሁለቱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ነው የለበሱ። ምልክታቸው ይኸ ነው።"

አንዱ ጠባቂ ጠመንጃውን ተደግፎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የፀሐዩ እስክሪብቶም ቆመ። ለቅሶ ቤት ተወስዳ የማታውቀው ልጅ ባታውቅም፣ እሱ እናት የወለደችው ነውና ነጠላ ለሐዘን እንደሚዘቀዘቅ ያውቃል። የማን መርዶ እንደሆነም ገባው።

ያን ጊዜ ልጅቷን ደጅ ሊያስወጣት ይችል ነበር። አላስወጣትም።

"ምን ልታደርጉ ነው የተሰበሰባችሁት?" አለ ሽማግሌውን።

"ልጅቱን አስወጣትና እነግርሃለሁ።"

"ያጋለጠችህ እሷ ናት። በፊቷ ተናገር!"

"እንግዲያስ አልናገርም፣ ልጄ።"

በጥፊ መታቸው፤ ደገማቸው። አባ ሸዋዓለም አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ሐሚዳ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

"ተው! እኔ ልንገርህ። ኮንትሮባንድ ነው። ስኳር ከጋላባት ልናስገባ ነው የተሰበሰብን። ጻፍ፣ ወላሂ ስኳር ነው።"

ሌሎቹም አንድ በአንድ "ስኳር ነው" አሉ። አባት የሞተባት ልጅ መርዶዋን ከጥፊ ጋር እንዳትሰማ፣ አምስት ሰው ያልሠራውን ወንጀል አመነ። ፀሐዩ ውሸት መሆኑን እያወቀ ጻፈው። ለበላይ ሲላክ ከመርዶ ይልቅ ሴራ ያምራል። ከዚያም ለተሥላሴን ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና አስጨበጨበላት።

በዚህ መሐል አየሁሽ ልጇን ፍለጋ እያለከለከች ገባች። የተቀመጡትን አየች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። የበሩን መቃን ያዘች።

"እማየ!" ብላ ለተሥላሴ ተጠመጠመችባት። "አባየ ሊመጣ ነው! ጓድ ፀሐዩ ምሕረት ይጽፍለታል!"

አየሁሽ ወደ ሐሚዳ ተመለከተች። ሐሚዳ አንገቷን በጥቂቱ ነቀነቀች፤ እዚህ አይሆንም ማለቷ ነው። ብትጮህ የእነዚህ ሰዎች ጥፋት ከስኳር ወደ ፀረ ሕዝብ ሐዘን ይለወጣል።

"እሰይ" አለች አየሁሽ። "እሰይ፣ ልጄ።"

አምስቱ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ተወሰዱ። አራቱ በስድስት ወራቸው ተመለሱ። አባ ሸዋዓለም እስር ቤት አረፉ፤ የእሳቸውንም መርዶ ደፍሮ የሚያረዳ አልተገኘም።

አየሁሽ ጥቁር አልለበሰችም፤ ጠጉሯን አልተላጨችም። ባሏን ከቀበሌው ተደብቃ ማልቀስ ባልከበዳት። የከበዳት ከልጇ መደበቅ ነው። ያችን አንጀቷን የምታቃጥል ልጅ አቅፋ ትተኛለች፤ እንባዋ ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቃል ብትነግራት ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ይወጣል። ልጅቷ በበኩሏ በየቀኑ ድንበሩ ድረስ ወርዳ ከጋላባት የሚሻገረውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች። በገና ካልመጣ በፋሲካ ይመጣል ትላለች።

በሰኔ መጀመሪያ ቀን እናቷ እንጨት ለቀማ ብላ ወጣች። መንገዱ የእንጨት አልነበረም። ለተሥላሴ ይህን ልብ አለችና እንደተማረችው ርቀቷን ጠብቃ ተከተለቻት። ከእርሻው ዳር፣ ከአንድ ግራር ሥር፣ አየሁሽ መሬት ላይ ተዘርግታ ደረቷን ትደቃለች።

"ባዘዘው፣ ወንድሜ፣ ባዕድ አፈር በላህ? አልቃሽ የሌለህ!"

ልጅቷ እንደ ቆመች ቀረች። ያን ቀን ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ቆማ የተናገረችው ምን እንደነበረ፣ ሰዎቹ ለማን ብለው እንደታሰሩ፣ ሽማግሌው ለማን ብለው እንደተመቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት።

"እማየ" አለች።

አየሁሽ ደንግጣ ብድግ አለች። ፊቷን በሁለት እጇ ጠረገች፤ አፈሩ ከእንባው ጋር ተለወሰ።

"አላለቀስሁም" አለቻት ለገዛ ልጇ። "አቧራ ነው። በማርያም፣ አላለቀስሁም፤ እንዳትናገሪብኝ።"

ለተሥላሴ ልታቅፋት አንድ እርምጃ ጠጋ አለች። እናቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።