ሚስት ሆና ሠርታለች

"ለመሆኑ አይተኸዋል?" አለች መክሊት።

"ምኑን?"

"ፊልሙን። ለሰው ከማደልህ በፊት ራስህ አይተኸው ነበር ወይ ነው የምልህ።"

ሽታሁን የላፕቶፕ ቦርሳውን በጉልበቶቹ መሀል አጥብቆ ያዘ። ከቢቸና የተሳፈሩበት ሚኒባስ ደብረ ወርቅን አልፎ ወደ ሞጣ እየገሰገሰ ነው።

"ሁሉንም አይቼ እንዴት እችለዋለሁ? መምከር ሌላ፣ ማየት ሌላ" አለ። "ሐኪም የሚያዘውን መድኃኒት ሁሉ ራሱ ውጦት ነው እንዴ የሚያዘው? አንቺ ራስሽ የመድኃኒት ሰው አይደለሽ።"

መክሊት ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ጤና ጣቢያ ውስጥ መድኃኒት ስታድል ለማንም ሰው ሳታነበው የሰጠችው ብልቃጥ ትዝ አላላትም። ይህን ልትነግረው አሰበችና ተወችው። ሞጣ ደርሰው ጉዳይዋ እስኪያልቅ ድረስ ያስፈልጋታል።

ሽታሁን የባንክ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ቢቸና ግን የምታውቀው በሌላ ሙያው ነው፤ ለቅዳሜ ምሽት የሚሆን ፊልም ይመክራል። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን በሚጠፋበት፣ ሰውም ገና ሳይመሽ በሩን ቀርቅሮ መቀመጥ በለመደበት በዚህ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፍላሹን ይዞ ሽታሁን ቤት ያልደረሰ የመንግሥት ሠራተኛ ማግኘት ያስቸግራል። ሽታሁን ደግሞ የታወቀ ፊልም አይሰጥም። "ሁሉም ያየውን ማየት ሁሉም ያኘከውን ማስቲካ ማኘክ ነው" ይላል። ምስሉ ከተንቀጠቀጠ ጥበብ ነው፤ ድምፁ ካልተሰማ ጥልቀት ነው፤ ሁለቱም ከሆነ አውሮፓ ውስጥ ተሸልሟል ማለት ነው። አንድ ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ የሚውልበትን የሩቅ አገር ፊልም ለአንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሰጥቶት ነበር። ኃላፊው ሰኞ ጠዋት መጥቶ "ቆይ፣ አውቶቡሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል?" ቢለው፣ "ጥያቄው እሱ አይደለም" ብሎ አሰናበተው። ኃላፊው ምንም ሳይገባው የተማረ ሰው ሆኖ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

መክሊትን ለዚህ መንገድ የዳረጋት ፊልም "ሦስተኛው ድንኳን" ይባላል። ሽታሁን የሰጠው ለሀብትነሽ ነው፤ ሀብትነሽ በዚያው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራ የመክሊት ባልደረባ ናት።

"አዲስ አበባ ሦስት ቀን ታይቶ የወረደ ነው" ብሏት ነበር ሽታሁን ፍላሹን ሲመልስላት። "ሕዝቡ አልገባውም።"

እውነቱን ነው፤ ሕዝቡ አልገባም ነበር።

ሀብትነሽ ባሏንና ፈንዲሻዋን አጠገቧ አድርጋ ፊልሙን ስታይ፣ ሙሽራዋ ቬሏን ገለጥ ብታደርግ፣ መክሊት ሆና ተገኘች። መክሊት አዲስ አበባ ተማሪ ሳለች የሠራቻት፣ ከአንድ ቀን ምሳ በቀር ይህን ያህል ያልጠቀመቻት ትንሽ ቦታ ናት፤ የመጀመሪያው ድንኳን ሙሽራ። ረስታትም ነበር። ሀብትነሽ ክፋት የላትም። ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ውስጥ "የእኛዋ መክሊት ፊልም ላይ ሚስት ሆና ሠርታለች" ያለችው በኩራት ነው።

ወሬው በዚያው ቀን ሚኒባስ ተሳፈረ። ደብረ ወርቅ ላይ "ፊልም ላይ" የምትለዋ ወረደች፤ በእሷ ቦታ ሦስት ድንኳኖች ተሳፈሩ። ሞጣ የገባው እንዲህ ሆኖ ነው፦ "ሦስት ድንኳን ተጥሎ፣ አዲስ አበባ ሚስት ሆና ሠርታለች።"

ሞጣ ውስጥ ይህን መስማት ያልነበረበት አንድ ቤት ነበር። የመክሊት እጮኛ ሀብተ ሥላሴ ሞጣ ሂሳብ የሚያስተምር ዲያቆን ነው፤ ከሠርጉ በኋላ ሊቀስስ ተዘጋጅቷል። ዲያቆን በተክሊል የሚያገባት ባል ያላየች ልጃገረድ ናት። ባል የነበራትን ካገባ ቅስና የሚባል ነገር የለም። አባቱ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ደግሞ ስንቱን ተማሪ ቅኔ ያስቆጠሩ ናቸው፤ በገበያ ስማቸው በሰምም በወርቅም እንዲነሣ አይፈልጉም።

ሀብተ ሥላሴ ቅዳሜ ደወለ።

"አባባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትምጣ ብለዋል።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"እኔማ፣ እንግዲህ፣ ነይ።"

ሽታሁንን ከነላፕቶፑ ያስከተለችው ለዚህ ነው። ፊልም ፊልም መሆኑን የሚመሰክርላት ሌላ ሰው አጣች።

*

መጀመሪያ ምሳ ቀረበ። በዚያ ቤት እንግዳ ሳይበላ አይወቀስም። የሀብተ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ይርጋነሽ መክሊትን በየመሀሉ "ብይ እንጂ፣ ምነው" እያሉ፣ ዓይናቸው ግን ከቀለበት ጣቷ ላይ አልተነሣም። የቤቱ የነፍስ አባት ቄስ ደምለው ከመሪጌታ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሀብተ ሥላሴ በሩ አጠገብ ነጠላውን አጣፍቶ ቁጭ ብሏል። ሰላም ሲላት እጇን ጨበጠና ቶሎ ለቀቀው።

ማዕዱ ሲነሣ ሽታሁን ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ፊልሙን ከፈተ። ቀድሞ ስላላየው ቦታውን ለማግኘት ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲል ቆየ።

"የኔታ፣ ከማየታችን በፊት አንድ ነገር ልበል" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ፊልም ማለት የእውነታ ነጸብራቅ ነው።"

መክሊት ዓይኗን ጨፈነች።

"ነጸብራቅ አልክ?" አሉ ቄስ ደምለው።

"አዎ አባቴ።"

"ነጸብራቁ ካለ የሚያንጸባርቀው ነገር አለ ማለት ነዋ።"

"አይ፣ እንደሱ ለማለት አይደለም..."

"አንተ ነህ ያልከው። እኛማ ምን እናውቃለን፣ ገና አሁን ልናይ ነው።"

ምስሉ መጣ። ድንኳን፣ ኦርጋን፣ ነጭ ሱፍ የለበሰ ሙሽራ። ሙሽራዋ ቬሏን ስትገልጥ ወይዘሮ ይርጋነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"እሷው ናት" አሉ። "ጥርሷ ነው።"

"እኔ ነኝ፣ መች ካድኩ እማማ" አለች መክሊት።

ሙሽራው ቀለበት አውጥቶ አጠለቀላት። "አቁመው" አሉ ቄስ ደምለው። ሽታሁን አቆመው። ያቺ የድሮዋ መክሊት ጣቷን እንደዘረጋች ስክሪኑ ላይ ደርቃ ቀረች።

"ይኸ ሰውዬ ማን ነው?"

"ተዋናይ ነው አባ። ስሙን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም።"

"ስሙን ሳታውቂው ቀለበት አሠረልሽ?"

"ቀለበቱ የፊልም ነው። ሲያልቅ መለስኩት።"

"እሺ፣ ቀለበቱ የፊልም ነው" አሉ ቄስ ደምለው፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው። "ጣቱስ?"

ሽታሁን የሆነ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት መክሊት በዓይኗ መለሰችው።

ከቆመበት ቀጥሎ ምን እንዳለ በዚያ ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። የሙሽራው እናት በእንግዳው ሁሉ ፊት የሙሽራዋን ዘር እያነሡ ያዋርዷታል፤ ሙሽራው ክራቫቱን ያስተካክላል፤ ሙሽራዋ ተነሥታ ከድንኳኑ ትወጣለች። በቃ፣ ይኸው ነበር ሥራዋ፤ ተነሥቶ መውጣት። እሱኑ አቃታት። ቬሉ የኪራይ ነበርና ጭቃ ይነካው ይሆን እያለች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ትላለች። ዳይሬክተሩ ድምፁ እስኪዘጋ "አትዙሪ" ይላታል። "የዞረች ሙሽራ ተመላሽ ናት። ከኋላሽ ያንቺ የሆነ ነገር የለም፣ ሂጂ።" እንደገና ትሄዳለች፣ እንደገና ትዞራለች። ፀሐይዋ ጠለቀችባቸውና የዞረችበት ፊልሙ ላይ ቀረ።

"ከዚህ በኋላም አለ" አለች። "እስከ መጨረሻው ብታዩት..."

"የሚበቃንን አይተናል" አሉ ቄስ ደምለው።

እስካሁን ያልተናገሩት መሪጌታ ወልደ ኪዳን ነበሩ። ጭራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ።

"ድንኳኑ ውስጥ ካህን ነበረ?"

"አልነበረም የኔታ።"

"ተክሊል ተደፋ? ሥጋ ወደሙ ተቀበላችሁ?"

"ኧረ የኔታ፣ ምሳ እንኳ በደንብ አልበላንም።"

የመሪጌታ ጢም ትንሽ ፈገግ አለ። "እንግዲያ ጋብቻ አይደለም፤ ጨዋታ ነው" አሉ። "ደግሞ ሕዝቡ የተናገረው ቅኔ ነው፣ ፍቺ አጥቶ እንጂ። ሚስት ሆና ሠርታለች። ሰሙ ሚስት ነው፤ ወርቁ ሥራ ነው። ልጂቱ እንጀራዋን ሠራች። አይደለም እንዴ ደምለው?"

"እንደሱ ከተፈታማ ያምራል" አሉ ቄስ ደምለው።

"ያምራል" አሉ መሪጌታ። ፍቺው ስለሰመረላቸው ዓይናቸውን ከደን አድርገው በልባቸው ይደግሙት ጀመር። ሽታሁን ላፕቶፑን አጠፈ። መክሊት ነገሩ ያለቀ መሰላት።

"ቅኔውስ ያምራል" አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። "ግን ገበያ የሚውለው ሁሉ ቅኔ አዋቂ አይደለም። ነገ ልጄ ሲቀስስ ያጉረመርማል።" ወደ መክሊት ዞሩ፤ ድምፃቸው ለስለስ አለ። "እንዳይከፋሽ ልጄ። ጸደንያ የምትባል አዋላጅ አለች፣ የእኛው ሰው ናት፣ ምስጢር ታውቃለች። ነገ ጠዋት ትይሽና አንዲት ቃል ትስጠን። አንቺም የጤና ሰው ነሽ፣ አዲስ ነገር አይደለም። አንቺን ነጻ ለማውጣት እኮ ነው።"

መሪጌታ ዓይናቸውን እንደከደኑ ናቸው፤ ሰምተዋል አልሰሙም አይታወቅም። ቄስ ደምለው መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ።

መክሊት ወደ በሩ ተመለከተች። ሀብተ ሥላሴ አንገቱን ደፍቶ የነጠላውን ጥለት በጣቱ እያሻሸ ያስተካክላል። ጠበቀችው። ጥለቱ ተስተካከለ። ሌላኛውን ጫፍ ያዘ።

"ይኼ ነገር እንኳ... የሰው መብት..." አለ ሽታሁን ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። ወይዘሮ ይርጋነሽ ቀና ብለው ቢያዩት "ቻርጀሬን ነው፣ ቻርጀሬን" ብሎ ወደ ግድግዳው ጎንበስ አለ።

"ገባኝ እማማ" አለች መክሊት። ተነሥታ የቄሱን መስቀል ተሳለመች፤ ለምሳው አመሰገነች።

*

ሀብተ ሥላሴ እስከ መናኸሪያው ሸኛት። ሽታሁን ቦርሳውን አንግቶ ቀድሟቸው ሄደ።

"ጸደንያ ዘንድ ነገ ከሆነ እዚህ ማደር ነበረብሽ" አለ ሀብተ ሥላሴ። "አክስቴ ቤት ታድሪያለሽ።"

"አንተም ትፈልገዋለህ?"

"ለአፍ መዝጊያ ያህል ነው እኮ መኪዬ። እኔማ አውቅሻለሁ፣ አምንሻለሁ።"

"እሱን ቤት ውስጥ ለምን አላልከውም?"

"አባባ ፊት?"

አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አልፏቸው ሄደ።

"ደግሞ ያንን ፊልም ሽታሁን ያጥፋው" አለ። "ከሀብትነሽም ፍላሽ፣ ከሁሉም። ሰው ባያየው ይሻላል።"

"አንተ አይተኸዋል?"

"አሁን አብረን አየነው አይደል?"

"ከቀለበቱ በኋላ ያለውን።"

"ከዚያ በኋላ ደግሞ ምን አለ?"

መክሊት ፊቱን አየችው። የእውነት ነው የጠየቀው። ከቢቸና እስከ ሞጣ አገሩ ሁሉ ስለዚያ ፊልም አውርቷል፤ ቄሱ ፈርደዋል፣ መሪጌታ ፈትተዋል፣ ሽታሁን መክሯል። እስከ መጨረሻው ያየው ግን አንድም ሰው የለም። ሀብትነሽ እንኳ ጎረቤት ለመጥራት ስትነሣ አቋርጣዋለች።

"ምንም የለም" አለችው። "አጭር ነው።"

መናኸሪያው ውስጥ አንድ ሚኒባስ ብቻ ቀርቷል። ረዳቱ "ቢቸና፣ ቢቸና፣ ሳይመሽ የሚገባ" ይላል። ሽታሁን ከኋላ ወንበር ይዟል።

"ታዲያ አታድሪም?" አለ ሀብተ ሥላሴ። "ለእናቴ ምን ልበላት? መክሊት። ነገ ትመለሻለሽ አይደል?"

ረዳቱን አልፋ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። ቀሚሷ ከደረጃው ብረት ጋር ተያያዘባት፤ ሳታይ በእጇ ሳብ አድርጋ አስለቀቀችው። ገብታ ከሽታሁን ጎን ተቀመጠች።

"መክሊት" አለ ሀብተ ሥላሴ ከውጭ።

"እየጠራሽ ነው እኮ" አለ ሽታሁን። "ዞር በይለት እንጂ።"

"ሰምቼዋለሁ።"

ረዳቱ በሩን ዘጋ። እዚህ ካሜራ የለም፤ ጭቃ እንዳይነካው የሚፈራለት የኪራይ ቬልም የለም። ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ቢቸና ሲታጠፍ ሀብተ ሥላሴ አንድ ጊዜ ደግሞ ተጣራ።

አልዞረችም።