የነጥብ መቀናጆ

ሰርካለም ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጁ ወደ መንደሯ ወደ ዘመሮ የመጣችው ለዕረፍት ቢሆንም ፊቷ የዕረፍት አልነበረም። አባቷ ጫኔ የያዘችውን ወረቀት ተቀብሎ አገላበጠና ከታች ያለችውን ቁጥር አያት፤ 1.94 ትላለች። ከ2.00 በታች ያመጣ ይሰናበታል።

«እንዴት ተደርጎ ነው የሚሰላው?» አላት።

«የየትምህርቱ ክሬዲት በውጤቱ ይባዛል፤ ኤ አራት፣ ቢ ሦስት፣ ሲ ሁለት፣ ዲ አንድ ነጥብ ነው። ሁሉም ይደመርና ለክሬዲቱ ድምር ይካፈላል።»

ጫኔ ጥቂት አሰበ። «ክሬዲቱ ጥማድ ነዋ። ውጤቱ ደግሞ ከአንድ ጥማድ የሚገባው ገብስ።»

ሰርካለም አስተማሪዎቿ እንዲህ አድርገው ነግረዋት አያውቁም። «ሒሳብ አራት ጥማድ ነው፤ ዲ አመጣሁበት። ስፖርት አንድ ጥማድ ነው፤ ኤ አለኝ።»

«ሰፊው ማሳ በውርጭ ተመታ፣ የጓሮዋ መደብ አማረች በይኛ።»

ደመሩት። ዐሥራ ሰባት ጥማድ፣ ሠላሳ ሦስት ነጥብ። ሠላሳ አራት ቢሆን ልጅቷ ታልፍ ነበር። በአንዲት ነጥብ የተነሳ ሰርካለም እቤት ልትቀር መሆኗን ሲያስብ ጫኔ ምሳውን ሳይበላ ተወው።

ተነሥቶ ጎረቤቱ ዓምደ ሚካኤል ዘንድ ሄደ። ሁለቱ አንዳንድ በሬ ስላላቸው ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ በመቀናጆ ነው ያረሱት፤ አንድ ቀን ለአንዱ፣ አንድ ቀን ለሌላው። የዓምደ ሚካኤል ልጅ ማዕረግም እዚያው ኮሌጅ ይማራል፤ በዚያው ዐሥራ ሰባት ክሬዲት ሠላሳ ስድስት ነጥብ አለው።

«ሁለት ይተርፈዋል» አለ ጫኔ።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? እናቀናጃቸዋ» አለ ዓምደ ሚካኤል።

ቀበሌው ደብዳቤ ጻፈላቸው። «በልጆቻቸው ነጥብ መቀናጀታቸውን እያረጋገጥን፣ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን» ይልና ክብ ማኅተም ተመትቶበታል። የኮሌጁ ሬጅስትራር ወይዘሮ ምሥራቅ አንብባ ልትስቅ ስትል ማኅተሙን አየችና ሳቋን ዋጠችው። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ገሸሽ ማድረግ በዚያ ዘመን ያስገመግማል። ወደ ዲኑ አስገባቻቸው።

ዲኑ የኮሌጁን አካዳሚክ ኮሚሽን ሰበሰበ። ነጥብ ማቀናጀትን የሚከለክል አንቀጽ ሲፈለግ ዋለ። መመሪያው ሰማንያ አራት ገጽ ነው፤ ዲኑ ከዚያ በፊት አንብቦት ስለማያውቅ ለእሱም አዲስ ሆነበት። የሚከለክል አልተገኘም። በመጨረሻ ሰዎቹ ደንግጠው ይሄዱልናል ብሎ አንድ ግዴታ አስገባ።

«አባቶች፣ ይፈቀዳል። ግን ከተቀናጁ እንደ አንድ ተማሪ ነው የሚቆጠሩት። በሚቀጥለው መንፈቅ አንዳቸው ከወደቁ ሁለቱም ይሰናበታሉ።»

ጫኔ የሰው ልጅ ይዞ መውደቅን አላሰበውም ነበር።

«ተወው፣ እንሂድ» አለው ዓምደ ሚካኤልን።

«የት ነው የምንሄደው?»

«ልጅህን አስበው እንጂ።»

«ያን ጊዜ ባንተ ተራ በሬዬ ገደል ሲገባ ውል አፍርሼ ነበር?»

«እሱ በሬ ነው። ይሄ ማዕረግ ነው።»

«ያችም ሰርካለም ናት» አለና ዓምደ ሚካኤል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ጫኔም ከጎኑ አሳረፈ። ዲኑ ምን እንዳደረገ ያኔ ገባውና ላቡን ጠረገ፤ ቃለ ጉባኤው ግን ተጽፎ አልቋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጆቹን የጠየቃቸው የለም። በር ላይ ቆመው ነበር። ወይዘሮ ምሥራቅ ወጥታ ስትነግራቸው ማዕረግ ሰርካለምን ከላይ እስከ ታች ሲያያት ቆየ።

«የሒሳብ ደብተርሽ የታለ?» አላት።

ሁለቱ አባቶች ሲወጡ ልጆቹን ደረጃው ላይ አንድ ደብተር ላይ አጎንብሰው አገኟቸው። እሱ ገጹን ወዲያ ይገልጣል፣ እሷ ወዲህ ትመልሳለች፣ ይጨቃጨቃሉ።

«አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ እየጎተቱ ነው» አለ ጫኔ በስጋት።

«ገና ዛሬ መጠመዳቸው ነው፤ ይለምዳሉ» አለው ዓምደ ሚካኤል።

ጫኔ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የጎረቤቱ በሬ ገደል በገባ ዕለት ከሐፍረቱ የተነሳ ያላለቀሰውን፣ አሁን አለቀሰው።