የጾሙ ድስት

የጾሙ ድስት የትኛው ነው?

እማማ ዘርፌ ራሳቸውን ይህን ሲጠይቁ ይኸው ሦስተኛቸው ነው። ወጥ ቤት ውስጥ በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አምስት ጥቋቁር የሸክላ ድስቶች ተደርድረዋል። ነገ ፍልሰታ ይገባል። ከአምስቱ ሁለቱ ቅቤ ነክቷቸው አያውቅም፤ ሦስቱ ግን ስንት የበዓል ዶሮ የተሠራባቸው ናቸው። ሸክላ ደግሞ የጠጣውን ቅቤ በማጠብ አይለቅም። አንድ በአንድ እያነሱ አሸተቱ። አምስቱም የሎሚ ሳሙና ይሸታሉ።

ያጠበቻቸው የልጅ ልጃቸው ሰብሊ ናት፤ ያጠበቻቸውም አያቷን ስለምትወዳቸው ነው። ባለፈው ወር እማማ ዘርፌን ኮሪደሩ ላይ የውሃ ጀሪካን ጠልፎ ጥሏቸው ክንዳቸው በልዞ ነበር። ልጃቸው መኩሪያ፣ የሰብሊ አባት፣ ያን ቀን መጥቶ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ይህ ቤት ሳይሆን መጋዘን ነው አለ። ጣሳ በጣሳ ላይ፣ ፌስታል በፌስታል ውስጥ። እሱ ለሚ ኩራ አዲስ አፓርታማ ገብቷል፤ ሊፍት አለው፣ አንድ ክፍልም ባዶ ነው። በፍልሰታ ዋዜማ መጥቼ እወስድሻለሁ ብሎ ሄደ። እማማ ዘርፌ ግን አያት ኮንዶሚኒየም ዕጣ ከወጣላቸው ጀምሮ ከዚህች ሁለተኛ ፎቅ ወጥተው ሌላ ቤት አድረው አያውቁም።

ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ክረምቱን እሳቸው ዘንድ የምታሳልፈው ሰብሊ፣ አባቷ ቤቱን አምሮ ካየው ሐሳቡን ይለውጣል ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስትል ዋለች። ያለውን ሁሉ አወጣች፣ አጠበች፣ በየመጠኑ ደረደረች። ቅመሙን ከየጣሳው ገልብጣ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ውስጥ ከታ ስሙን ጽፋ ለጠፈችበት።

«አሁን ዓይንዎን ጨፍነው ቢገቡም ያገኙታል፣ እማማ» አለቻቸው።

እሳቸውም ሳቁላት። ምን ያድርጉ? ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይናቸውን እንደ ጉም ያለ ነገር ጋርዶታል፤ ለማንም አልተነፈሱም። ጨው ከምድጃው በስተቀኝ ሁለት ስንዝር ራቅ ብሎ ነበር። በርበሬው ክዳኑ የጎደጎደው ጣሳ ውስጥ፣ ሚጥሚጣው ላስቲክ በታሰረበት። የጾሙ ድስት ላይኛው መደርደሪያ፣ የፍስኩ ታችኛው። መኩሪያ መጋዘን ያለው ሁሉ ለእጃቸው መንገድ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሻያቸው ውስጥ ጨው ጨምረው፣ ሰብሊ እንዳታውቅ እስከ አተላው ጠጥተውታል።

ልንገራት ይሆን? ልጅቷ ሁለት ቀን የለፋችበት ነው፤ ታለቅሳለች። ደግሞስ ለአባቷ ብታወራው? ድስቷን የማትለይ ሴት እንዴት ብቻዋን ትኖራለች ሊል አይደለም? ዝም ብዬ ባንዱ ሽሮ ልሥራበት አሉና መልሰው ደነገጡ። በእመቤታችን ጾም፣ በቅቤ ድስት!

ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ በሩ ተንኳኳ። መኩሪያ ነበር፤ ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዟል፣ ዝናብ አረስርሶታል። ሰብሊ ከሳሎን ጀምራ እያስጎበኘችው ስትመጣ ድምፃቸው ለእማማ ዘርፌ ይሰማቸዋል፤ አባት በመገረም አሃ ይላል፣ ልጅ ይህን እዚህ አደረግሁት፣ ያንን እዚያ ትላለች። ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ። እማማ ዘርፌ አንዱን ድስት አፍንጫቸው ላይ እንደደገኑ ነበሩ።

«እማዬ፣ ምን እያሸተትሽ ነው?»

የሚዋሹት ፈለጉ፤ አልመጣላቸውም። «የጾሙን እየፈለግሁ።»

«አይተሽ አትለይውም?»

ቀድሞ የገባት ሰብሊ ናት። «ጽሑፉስ፣ እማማ? የለጠፍኩት?»

«ጋዲሴ ከጎረቤት መጥታ አይታው፣ በጣም ያምራል ብላኛለች» አሉ በቀስታ።

መኩሪያ ሻንጣውን ግድግዳው ሥር አስቀመጠና፣ ይኸው አልኩ እኮ፣ አሁንማ ጭራሽ ብቻሽን አልተውሽም እያለ በተቆጣ ድምፅ ማውራት ጀመረ። ሰብሊ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ስልኳን አወጣች። ለጓደኞቿ በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ ብላ ለማሳየት፣ ዕቃ ከማንሳቷ በፊት እያንዳንዱን መደርደሪያ ፎቶ አንስታው ነበር። እማማ ዘርፌ የጾሙ ላይኛው ላይ ነበር ሲሏት የላይኛውን መደርደሪያ አጉልታ አየች፤ አንዱ ድስት ሆዱ ላይ ነጭ ጭረት አለው፣ ሌላው ጆሮው ሥር ቀላ ይላል። ከአምስቱ ሁለቱን ለይታ አያቷ ጭን ላይ አስቀመጠችላቸው። እማማ ዘርፌ እንደ ሕፃን አቀፏቸው።

ከዚያ ማንም ሳያዛት የለጠፈችውን ወረቀት ትልጥ ጀመር። ለቆራሌው ብላ በረንዳ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ያስቀመጠቻቸውን ጣሳዎች መለሰች፤ ቅመሙን ገለበጠች፤ ፎቶዋን እያየች እያንዳንዱን ወደ ነበረበት አደረሰች። መኩሪያ ጥቂት ቆሞ ካያት በኋላ ኮቱን አውልቆ ከፍ ያለውን እያቀበለ ረዳት። ወደ ቦታው ያልተመለሰ አንድ ነገር ቢኖር ያ የኮሪደር ጀሪካን ነው፤ እሱን ከእቃ ማጠቢያው ሥር ከተተው።

ሲጨርሱ እማማ ዘርፌ ተነሱና ሻይ ጣዱ። እጃቸው ሳይዳብስ ክብሪቱን አገኘ፣ ስኳሩን አገኘ፣ ቅርንፉዱን ቆንጥሮ ጨመረ። መኩሪያ በሩን ተደግፎ ያያቸዋል። የእሱ ወጥ ቤት እጀታ የሌለው ነጭ ቁም ሣጥን ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ ስኳር ሲፈልግ ሦስት በር ይከፍታል።

«ጾሙ ሲፈታ ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰደኝ፤ እምቢ አልልህም» አሉ ኩባያውን እያቀበሉት። «ከዚህ ግን አታንሳኝ፣ ልጄ። እዚህ ሁሉም ይታየኛል።»

መኩሪያ ሻዩን ቀስ ብሎ ጠጣ። ኩባያውን አጠበ፤ እናቱ እንደሚያደርጉት ጆሮውን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቦታው ላይ አኖረው። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ ባዶውን ሻንጣ አነሳና ወጣ።