የአምባላዩ ጆሮ

በስድስተኛው ወር በስድስተኛው ቀን፣ የካይፈንግ ከተማ ሰው ሁሉ ሐሩንና መጽሐፉን አውጥቶ ፀሐይ ሲያስመታ፣ ሹ ዪን ንጹሕ ልብሷን ለብሳ ወደ ሠዓሊው ሊያንግ ቤት ሄደች። ባሏ ዱ ሄንግ የቤተ መንግሥቱ ጋጣ ባልደራስ ነበር፤ በውርጩ ወራት ትኩሳት ወሰደው። ሽማግሌው ሊያንግ ግን አምና በጸደይ፣ እሱ በሕይወት ሳለ፣ የንጉሠ ነገሥቱን አምስት ፈረሶች ከነባልደራሶቻቸው ሥለው ነበር። ሥዕሉ በማግሥቱ ቤተ መንግሥት ይገባል፤ ከገባ ደግሞ እንደ እሷ ያለ ሰው አያየውም። የዱ ሄንግ መልክ ሌላ የትም የለም። አንድ ጊዜ ልየው ብላ ነው የመጣችው።

ሽማግሌው አላባረሯትም፤ አስቀድመው ግን አስጠነቀቋት። ፈረሱን ጋጣው ድረስ ሄደው፣ ቁመቱን ለክተው ይሥሉታል፤ ስሙንና ዕድሜውንም አጠገቡ ይጽፋሉ። የባልደራሱን ፊት የሚሥሉት ግን ቤታቸው ተቀምጠው በልማድ ነው። ስሙም አይጻፍም።

ሥዕሉ ያለበት ረጅም የሐር ጥቅልል ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። አራተኛው ፈረስ ባሏ ዘጠኝ ዓመት የያዘው አምባላይ ነበር። አጠገቡ የቆመው ሰው አፍንጫው ሰልካካ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ የምዕራቡ በረሃ ነጋዴ የሚመስል ነው።

"ይሄ ማነው?" አለች።

"ባልሽ ነዋ፣ ልጄ። ባልደራሱ ጢማም ካልሆነ ጌቶች ፈረሱ ከሩቅ አገር የመጣ አይመስላቸውም።"

"የእኔ ባል አገጩ ላይ ሰባት ፀጉር ነበረው። እሱንም ይቆጥረው ነበር።"

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸው። እሷም ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፈገግታው ፊቷ ላይ ደረቀ። ከከተማው ዳር በማለዳ የተነሣችው ለዚህ ነበር። አመስግና ልትሄድ ስትል ዓይኗ ገመዱ ላይ አረፈ። ሌሎቹ አራት ባልደራሶች የፈረሶቻቸውን ገመድ ወጥረው ይዘዋል። የአምባላዩ ግን ረግቦ መሬት ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። የፈረሱ አንድ ጆሮ ወደ ፊት ቀንቷል፤ ሌላው ወደ ሰውየው ዞሯል።

ገመዱ ለምን እንደላላ ጠየቀቻቸው።

"እኔም ወጠር አድርገው ብዬው ነበር" አሉ። "ሲስበው ፈረሱ አልቆም አለ። ሲያላላለትና ሲያንጎራጉርለት ጊዜ ቀጥ አለ። ያየሁትን ሣልኩ። ፈረስ ላይ አልዋሽም።"

ሹ ዪን ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። ዱ ሄንግ ቤትም ሩዙ እስኪበስል ያንጎራጉር ነበር፤ ዜማው መላ ስለሌለው ስንት ጊዜ ዝም አሰኝታዋለች። ፈረሱ ግን ይኸው እየሰማው ነው።

ሽማግሌው፣ ሐሩ ቢጎዳም ጢሙን ልፋቀው እንዴ አሏት።

"ይተዉት፣ ጌታዬ። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ጢም ነው። ፈረሱ ላይ ስላልዋሹ ግን አመሰግንዎታለሁ።"

ፀሐይ ግቢውን ለቃ ስትሄድ ጥቅልሉን አብራቸው እንድትይዝ ጠየቋት። ከመጨረሻው ፈረስ ጀምረው ጠቀለሉ። አምባላዩ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው እጃቸውን አቆሙና፣ እሷ አይታ ጨርሳ በእሺታ ራሷን እስክትነቀንቅ ጠበቋት።