ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት

«ኦቦ ጋሩማ፣ ዱረቲንም አተኩሷታል፤ ግን አልፈራሁም» አለች አስካለ፣ አግዳሚው ላይ ከጎኑ እየተቀመጠች። «‹ትኩሳት ሳይሆን ተኩስ ነው፣ መድኃኒቱ ሲዋጋ ነው› ማለትህን ሰምቻለሁ።»

አፉ ውስጥ ያለው ንፍሮ ጠጠር ሆነበት።

የወንድሙ የኦብሳ ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ድንኳኑ ከነቀምቴ እስከ ዲጋ ያለውን ፍጡር ሁሉ ውጦ ገና አልጠገበም። ጋሩማ አንድ ኩንታል በቆሎ ሸጦ አንድ መኪና ሙሉ የሚል ነጋዴ ነው። ኦብሳ የደም ካንሰር ይዞት አዲስ አበባ ሲታከም፣ ከኬሞው ጋር የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ መድኃኒት ተጨመረለት፤ ጋሩማም «የወንድሜ ደም ውስጥ አንድ ሚሊዮን ወታደር ገብቷል» ብሎ ለገበያው አወጀ። አስካለንም ያወቃት እዚያው ልጇን ዱረቲን ከዚያው ሕመም በዚያው መድኃኒት ስታሳክም ነው።

ኦብሳን ገና ሆስፒታል ሳለ አተኩሶት ነበር። ሐኪሟ «አዲሱ መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል፤ እየተከታተልነው ነው» አለች። ሲሸኙ ግን «ቤት ከገባችሁ በኋላ ከሠላሳ ስምንት ካለፈ ወዲያው ሆስፒታል ሩጡ። ኬሞው አቅሙን አሳጥቶታል፤ ትንሽ ኢንፌክሽን ይገድለዋል» ብላ አስጠነቀቀች። ጋሩማ የያዘው የፊተኛውን ብቻ ነበር።

ኦብሳ ቤት ሆኖ ሲንቀጠቀጥ «ወታደሮችህ ተኩስ ከፍተዋል» አለው።

ኦብሳ ሳቀ። «እኔን እንዳይመቱኝ ንገራቸው፣ ኦቦ።»

በማግስቱ ሰው መለየት አቃተው።

ለለቀስተኛው ግን ጋሩማ «አርባ ሦስት ዲግሪ ገብቶ፣ ስንት ሐኪም ተረባርቦ አልቻለም» ነበር ያለው።

«ዱረቲ የት ናት?» አላት አስካለን።

«ውጭ ባጃጅ ውስጥ። ከሰው አትቀላቀል ስለተባለ።»

«ከመቼ ጀምሮ አተኮሳት?»

«ከጠዋት።»

እናቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ከተናገረ ትሰማለች። ተነሳ።

«አርባ ሦስት አልነበረም» አለ። «ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት ነበር። ሩጡ ተብለን ነበር። እኔ ነኝ ተኩስ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ቤት ያስቀመጥኩት።»

እናቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ተነሺ፣ አስካለ። አሁኑኑ ሆስፒታል።»

ባጃጁ ሲነሳ የዱረቲ ጥርስ ይንገጫገጫል። ጋሩማ ከደረት ኪሱ ቴርሞሜትሩን አወጣ። ሜርኩሪው ከኦብሳ ብብት የወጣ ዕለት የነበረበት ቁጥር ላይ እንደቆመ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አላራገፈውም። አንዴ አየው። ከዚያ ክንዱን አንስቶ አራገፈው፤ ደግሞ አራገፈው፣ ቀጭኑ መስመር እስኪወርድ ድረስ።

በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ለልጅቷ አቀበላት።

«ብብትሽ ስር አድርጊው» አላት።