የተገለበጠው የመርከብ ክፍል

በዚያ የብርድ ወራት ጆዤ ደሴት ላይ ሥራ ጠፋ። የመርከብ ፋብሪካው ግማሹን በያጅ አሰናበተ። የቀረው ሥራ አንድ የጦር መርከብ ብቻ ነበር፤ እሱም በቀሩት ግማሽ ሠራተኞች ካልተሠራ ለሌላ ፋብሪካ ይሰጣል ተባለ።

ፎርማኑን ማንሲክን ያስጨነቀው የበያጁ የዶቾል ነገር ነው። በወጣትነታቸው የብየዳ ብርሃን የማንሲክን ዓይን አቃጥሎት ሲተኛ፣ ዶቾል የሁለቱንም ድርሻ እየሠራ ከመባረር አድኖታል። አሁን ዶቾል አንጋጦ ሲበይድ ኖሮ አንገቱ ተጎድቷል፤ ቀጣዩ ተሰናባች እሱ ነው።

ማንሲክ አለቆቹን ለምኖ፣ አንጋጦ መበየድ እንዲቀር የመርከቡን አንድ ክፍል ገልብጠው እንዲሠሩት አስፈቀደ።

ክሬኑ ያን ሁሉ ብረት አንስቶ አዞረው።

«አንተ፣ መርከብ ነው ወይስ ዓሣ የምትጠብሰው?» አለ ዶቾል።

«አፍህን ዝጋና በርጩማህን አምጣ፣ ሽማግሌ!»

ጣሪያ የነበረው ወለል ሆነ። ዶቾል ተቀምጦ፣ አጎንብሶ በየደ። እሳቱ ሳይቋረጥ ነጎደ፤ ጎረምሶቹ በያጆችም አልደረሱበትም።

«ማንሲክ! አንገቴን እኮ አላመመኝም!» ብሎ ጮኸ።

የቀኑ ሥራ ከምሳ በፊት አለቀ። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ።

«ሌሎቹንም ክፍሎች ገልብጡ! ከዚህ ቡድን ማንም አይነካም!»

ማንሲክ ዶቾልን ትከሻውን ያዘው። «ይኸው፣ የዓይኔን ከፈልኩህ።»

«ሠላሳ ዓመት አስጠብቀህ፣ አንተ ቀርፋፋ!» አለ ዶቾል፣ እየሳቀ። «በል፣ ተከፍሎኛል።»